ሞያሌ ነኝ በያቸው

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽን ወገቧን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሏል። ዶርም ያሉት ልጆች «አገርሽ የት ነው?» ሲሉሽ «ሐዋሳ» ማለት ጀመርኩ አልሽኝ። ሞያሌ ስትያቸው «ኬንያዊ ነሽ እንዴ?» ይሉሻል። ቀጥሎ «ብሔርሽስ?» ይመጣል። ማስረዳት ሰልችቶሻል። አልተቆጣሁም፣ ልጄ። ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

መልሱ መርዘሙ እውነት ነው። አባቴ በጃንሆይ ጊዜ በወታደርነት ከመንዝ መጥቶ እዚሁ ቀረ። እናትሽ ቦረና ናት። አኮሽ፣ አያትሽ፣ ዛሬም ሶሎሎ ናት፣ ኬንያ ግዛት ውስጥ። አጎትሽ ደግሞ የኢትዮጵያ መታወቂያ ነው የያዘው። አንድ ቤተሰብ ሁለት ዜጋ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ መንግሥትና እንግሊዝ በተዋዋሉት ውል መስመሩ በቦረና መሀል አለፈ። ከብቱ ግን ዛሬም ዝናብ ተከትሎ ይሻገራል። በየ8 ዓመቱ ጉሚ ጋዮ፣ የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሲጠራ የኬንያ ቦረናም ተሻግሮ ይመጣል፤ እዚያ የሚደነገገው ሕግ ለወዲያውም ለወዲህም ነው።

አንቺ ያደግሽው ከስፌት መኪናዬ ሥር ነው፤ አትረሺውም። በነሐሴ የኛን ተማሪዎች ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ ትምህርት መስከረም ላይ ነዋ። በታኅሣሥ ደግሞ የኬንያዎቹን፣ የነሱ በፈረንጆች ጥር ስለሚከፈት። አንዱ በብር ይከፍለኛል፣ ሌላው በሽልንግ። ኬላው ጋ መኪኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ መንገድ ሲቀይሩ ለማየት እጄን ትጎትቺኝ ነበር። ሰዓቱስ ትዝ ይልሻል? ጠዋት እኛ 1 ሰዓት ስንል በስዋሂሊም «ሳ ሞጃ» ነው፤ ያው አንድ ሰዓት። የኬንያዋ አስተማሪ ደንበኛዬ በእንግሊዝኛ ስትናገር ግን 7 ይሆናል። «አባ፣ ሰዓቷ ሁለት ነው እንዴ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ስድስት ዓመትም አልሞላሽም።

ሁሉ ደግ ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ለኛ ከአገሩ ድንበር ይልቅ የከበደን የውስጡ መስመር ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ በኦሮሚያም በሶማሌ ክልልም አስተዳደር አላት። ሁለት ከንቲባ፣ ሁለት የፖሊስ ኃይል። ጎረቤት ሲጣላ ጠቡ የሁለት ሰው ሆኖ አይቀርም፤ «የማን ወገን ነው?» ይባላል። ውኃና ግጦሽ፣ መሬትና ቀበሌ፣ ሁሉም ከዚህ ጋር ይያያዛል። እኔ አማርኛ ተናጋሪው ልብስ ሰፊ ደግሞ ለአንዱም ለሌላውም መጤ የምሆንበት ቀን አለ። ይኼ ያማል። ከአርባ ዓመት በላይ ኖሬበት ዛሬም ያማል።

መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ተኩስ ሰማን። ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሰው ወደ ኬንያ ተሻገረ፤ እኛም ከመሀላቸው ነበርን። እኔ የያዝኩት መቀስና ሜትር ብቻ ነበር፤ ለምን እንደያዝኳቸው እስካሁን አላውቅም። አንቺ የደብተር ቦርሳሽን ይዘሽ ነበር። ያች አስተማሪ ደንበኛዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ማን እንደሆንን አልጠየቀችም፤ ልክሽን ስለምታውቅ የልጇን ቀሚስ አውጥታ አለበሰችሽ። እኔ የሰፋሁት ቀሚስ ነበር።

የሚቀጥለውን ግን አልነገርኩሽም። በ2011 ታኅሣሥ ከተማው እንደገና ሲታመስ አንዲት ከሶማሌው የገሪ ጎሳ የሆነች ሴት ድሪያ አሰፍታ ነበር፣ ለሠርግ። በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ እጅጌው ሳይገባ ቀረ። ሰፈሯና ሰፈራችን መተያየት አቆሙ። ድሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወራት አለፈው። እናትሽ አቧራውን ታራግፍና መልሳ ትሰቅለዋለች። አንዳንድ ደንበኛ «የማን ነው?» ሲለኝ «የሰው ነው» እላለሁ፤ ስሟን ለመጥራት ፈርቼ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ከሰዓት በር ላይ ቆማ አየኋት። ሰላምታው እንኳ አልወጣልንም። «አለቀ?» አለችኝ፣ ትናንት የሰጠችኝ ይመስል። «እጅጌው ቀርቷል» አልኳት። ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እናትሽ «ቡና ቀላ» አቀረበች፤ ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰውን። ሴትዮዋ ከሲኒው ጠጥታ በቅቤው እጇን አሻሸች። እጅጌውን ስገጥም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሠርጉ አልፏል፤ ድሪያውን ግን ከፍላ ወሰደችው። ዛሬም ደንበኛዬ ናት።

ስለዚህ ልጄ፣ ሐዋሳ ስትያቸው ያችን አስተማሪም፣ አኮሽንም፣ ያችን ሴትዮም የቀነስሻቸው መሰለኝ። ሆዴን ያባባኝ ይኼ ነው። መልሱ ይርዘም። የሚሰማ ይስማ፣ የማይሰማ ይሂድ። ሞያሌ ነኝ በያቸው።

ለእረፍት ስትመጪ ከመርካቶ ሰማያዊ ክር አምጪልኝ፤ ከዚህ ያለው ቶሎ ይበጠሳል። የታኅሣሡ ሥራ ደርሷል። አኮሽም ናፍቃሻለች፤ እንደመጣሽ አብረን ሶሎሎ እንሻገራለን።

አባትሽ