ስለ ፈረንጅ ገና ዘፈኖች ለጠየቁኝ

ለንደን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ሆነላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር ከጀርባዬ የሚሰማውን ሙዚቃ ሰምተው፣ «እነዚህ ሰዎች ለገና የሚዘምሩት ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። በስልክ ተጀምሮ የሚያልቅ ጉዳይም ስላልሆነ፣ ዛሬ ዕረፍቴ ነውና ተቀምጬ እጽፍልዎታለሁ።

የምሠራበት ሱፐርማርኬት ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ የገና ዘፈን ያሰማል። እኔ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለሆንኩ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ፣ በሩ ተዘግቶ አንድም ገበያተኛ በሌለበት፣ ካርቶን በምላጭ እየቀደድኩ ብስኩትና ቸኮላት ስደረድር ከጣሪያው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አይጠፋም። ዘፈኖቹ አንድ ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅባቸዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን በአንድ ሌሊት ስድስት ጊዜ እሰማዋለሁ ማለት ነው። ሰዓት ማየቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ስሌድ የሚባለው ባንድ የዘፈነው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የሻይ ዕረፍት መድረሱን አውቃለሁ።

መዝሙር ናቸው ብልዎ ግን እዋሻለሁ። የቤተ ክርስቲያናቸው መዝሙር ለብቻው አለ፤ እሱ ያማረ ነው። እነዚህ ሌላውን ጊዜ ስለ ፍቅርና ስለ ጠብ የሚያንጎራጉሩ የሮክ ሙዚቀኞች፣ በጊታርና በድራም፣ ለገና ብለው ያወጧቸው ዘፈኖች ናቸው። የክርስቶስን ልደት የሚያነሡት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የቀሩት የሚያወሩት ስለ በረዶ፣ ስለ ስጦታ፣ ስለ መጠጥና ወደ ቤት ስለ መግባት ነው። ስሌድ ያልኩዎ የእንግሊዝ ባንድ በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘፈን መጨረሻው ላይ ዘፋኙ ኖዲ ሆልደር «ገና ነው!» ብሎ የሚጮኸው ጩኸት ከብት ያስደነብራል። የክረምቱን ገና እንዲህ የሚያሞቀው ይህ ዘፈን የተቀረጸው ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ሰው በሙቀት ላቡን በሚጠርግበት ወቅት መሆኑን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁሉም ግን የፈንጠዝያ አይደሉም። የቢትልሱ ጆን ሌነን ከባለቤቱ ከዮኮ ኦኖ ጋር በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘፈን የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም ሲሆን፣ የሃርለም ሕፃናት ከኋላ ሆነው ጦርነት እንዲያበቃ ሰዎች ቢፈልጉ ይበቃል እያሉ ይቀበሉታል። በ2014 ኅዳር ወር ደሴ ስልኩ ሁሉ ተቋርጦ ድምፃችሁን ባጣሁባቸው ሳምንታት፣ የሕፃናቱ ድምፅ ሲጀምር የያዝኩትን ጥዬ ድምፅ ማጉያ ወደሌለበት ወደ ሥጋው ማቀዝቀዣ ክፍል እገባ ነበር። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ቀዝቃዛው ውስጥ መቆም ይሻለኝ ነበር። ዴቪድ ቦዊ ደግሞ በ1977 እ.ኤ.አ. ከአንጋፋው ቢንግ ክሮዝቢ ጋር አንድ የገና ዘፈን ለቴሌቪዥን እንዲያቀርብ ተጋብዞ ሳለ የተመረጠለትን ዘፈን ባለመውደዱ፣ አዘጋጆቹ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል በሆነ ጊዜ ሌላ ዜማ ደረሱለት፤ ሽማግሌው የጥንቱን፣ ወጣቱ አዲሱን፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ያዜሙታል። ክሮዝቢ ከቀረጻው በኋላ በወሩ ሞተና ዝግጅቱ ለሕዝብ የታየው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ዘፈን ቢሰሙት ይወዱት ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ወዳደረገኝ ልምጣ። ከሚዞሩት ዘፈኖች አንዱ ስለ እኛ የተዘፈነ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክ የዘገበውንና ኬንያዊው ሙሐመድ አሚን በካሜራ ያነሣውን የኮረምን ረኃብ አሳየ። የደርግ መንግሥት አሥረኛ ዓመቱን በሰልፍና በመብራት ካከበረ ስድስት ሳምንት ብቻ ሆኖት ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ ቆቦ ያስተምሩ እንደነበርና ወደ ኮረም የሚወጣው ሕዝብ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያልፍ እንደነበር እማዬ አንድ ቀን ነግራኛለች፤ እርስዎ ግን ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ ሰምቼዎት አላውቅም። ያን ምሽት ለንደን ውስጥ ዜናውን ካዩት መካከል ቦብ ጌልዶፍ የሚባል አየርላንዳዊ የሮክ ዘፋኝ ነበር። ሚጅ ዩር ከተባለ ሌላ ሙዚቀኛ ጋር ሆኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዘፈን ደረሱ፤ ግጥሙ በአብዛኛው የጌልዶፍ ሲሆን፣ ሙዚቃውን ዩር ቤቱ ውስጥ አቀናበረው።

ኅዳር 16 ቀን፣ እሑድ፣ ኖቲንግ ሂል በሚባለው ሰፈር ያለው ሳርም ስቱዲዮ ለ24 ሰዓት በነፃ ተሰጣቸው። ሰፈሩ ከምሠራበት ብዙም ስለማይርቅ አንድ ቀን ሄጄ አካባቢውን አይቼዋለሁ። በዚያ እሑድ የዘመኑ ዝነኞች አንድ በአንድ መጥተው ስንኝ ስንኝ ተካፈሉ። ፖል ያንግ ጀመረ፣ ጆርጅ ማይክልም ድርሻውን ዘፈነ፣ ዩቱ የሚባለው ባንድ ዘፋኝ ቦኖ ከሁሉም የመረረችውን አንዲት ስንኝ ተቀበለ፣ ፊል ኮሊንስ ድራሙን ከነሙሉ ዕቃው ይዞ መጣ። ቦይ ጆርጅ ኒው ዮርክ ውስጥ ስለነበር ስልክ ተደውሎለት በኮንኮርድ አውሮፕላን በርሮ ምሽት ላይ ደረሰ። ዘፈኑ በሳምንት ገደማ ገበያ ላይ ዋለ፣ አምስት ሳምንትም አንደኛ ሆኖ ቆየ። ጌልዶፍ 70,000 ፓውንድ ቢገኝ ብሎ የተመኘበት ሥራ በዓመቱ 8 ሚሊዮን ፓውንድ አስገባ። የጆርጅ ማይክል የራሱ ባንድ ዋም ያወጣው የገና ዘፈን በዚህ ዘፈን ተበልጦ ሁለተኛ ሆኖ ቢቀርም፣ የእሱንም ገቢ ለኢትዮጵያ ሰጡት። እነዚህ ሰዎች የለገሱት በቀልድ አልነበረም፤ ይህን ለመካድ አልፈልግም።

አብራኝ የምትሠራ፣ ወደ 55 ዓመት የሚጠጋት አንዲት እንግሊዛዊት አለች። አምና ሥራ የጀመረች ሰሞን ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝና «ከኢትዮጵያ» ስላት፣ ሌላ ነገር ሳትናገር የያዘችውን የዶሮ ሳንድዊች ለሁለት ከፍላ ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው። ጾመ ነቢያት ነበር። «አመሰግናለሁ፣ አልበላም፣ እየጾምኩ ነው» አልኳት። «ለምን?» ስትለኝ «ለገና» አልኳት። ኅዳር 15 ቀን ጾም እንደምንይዝ፣ ሥጋና ወተት እንደማንቀምስ፣ ገናችንም የእነሱ ካለፈ ከ13 ቀን በኋላ እንደሆነ ሳስረዳት ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። ወዲያው ከራሳችን በላይ ያ ዘፈን ቢጀምር ኖሮ ተረት ይመስል ነበር፤ አልጀመረም፣ የማስታውሰው ፍሪጁ ሲያጉረመርም ነው። በነጋታው ግን ሸክላውን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። የ13 ዓመት ልጅ ሳለች በኪስ ገንዘቧ የገዛችው ነው። ልባሱን ፒተር ብሌክ የሚባለው ሠዓሊ ነው ያዘጋጀው፤ በቀለም ባሸበረቀ የድሮ የፈረንጅ ገና ሥዕል መካከል፣ ሁለት የተራቡ ሕፃናት በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቆመዋል። ሕፃናቱን ለረጅም ጊዜ አየኋቸው። አስተማሪ ነዎትና የተማሪዎችዎን ታናናሾች ያውቁ ይሆን ብዬ አሰብኩ።

የዘፈኑ ርእስ ጥያቄ ነው፤ ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ ይላል። ቃል በቃል ከተወሰደ መልሱ አያውቁም ነው፣ ምክንያቱም ታኅሣሥ 16 ቀን እኛ ዘንድ ገና አልነበረምና! ቀልዴን ይተዉት። ክርስትናን በኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የተቀበለን ሀገር ነው የሚጠይቁት። ያውም ረኃቡ የጸናበት ወሎ፣ ገና ሲመጣ ካህናቱ ከላይ በማሜ ጋራ፣ ከታች በቤተ ማርያም ግቢ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» የሚያሸበሽቡበት የላሊበላ አገር ነው። ከተራቡት መካከል ስንቱ ሙስሊም እንደነበረም ማንም አልጠየቀ። ግጥሙ ወንዝ የማይፈስበት፣ ምንም የማይበቅልበት አገር አድርጎ ሥሎናል፤ አባይ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። ቦኖ የዘፈናት ስንኝ ደግሞ ሰሚው በእነሱ ቦታ ባለመሆኑ አምላኩን እንዲያመሰግን ትነግረዋለች። መጀመሪያ ስሰማት ተናድጄ ነበር። አሁን አሁን ግን ከዘፈኑ ሁሉ እውነት የተናገረችው እሷ ትመስለኛለች፣ ጎረቤት ሲርበው ሰው በሆዱ የሚለውን አውጥታዋለችና። በ2014 እ.ኤ.አ. ዘፈኑ ለኢቦላ እርዳታ እንደገና ሲቀረጽ ግን ከተለወጡት ስንኞች አንዷ ይህችው ናት።

እኔን እኔን የሚለኝ ዘፈን ሌላ ነው። ፖግስ የሚባለው ባንድ ከከርስቲ ማኮል ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ኒው ዮርክ ስለተሰደዱ አየርላንዳውያን የሚናገር ዘፈን ነው። በገና ዋዜማ ሰክሮ እስር ቤት ያደረ አንድ ሰው፣ ከወደዳት ሴት ጋር አሜሪካ ሲገቡ የተመኙትንና የሆኑትን ያስታውሳል፤ ከዚያ ባልና ሚስቱ እየተቀባበሉ ይሰዳደባሉ፣ ስድቡን እዚህ ልጽፍልዎ አልችልም። ኢትዮጵያን በስም አያነሣም፣ ሆኖም እዚህ ካሉት ወገኖቻችን ስንቱ ቤት ውስጥ ይህ ክርክር በአማርኛ ሲካሄድ ሰምቻለሁ! «ሕልሜን ወሰድክብኝ» ስትለው፣ አስቀምጬልሻለሁ ብሎ የሚመልስላት ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ካርቶኑ ላይ ይቆማል። ዘፋኙ ሼን ማክጋወን በአየርላንዳውያን ወላጆች እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ ልደቱም በፈረንጆቹ ገና ቀን የሆነ ሰው ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ሞቶ አየርላንድ ውስጥ ጸሎተ ፍትሐት ሲደረግለት ይህንኑ ዘፈን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘፈኑት፣ ሐዘንተኞቹም ተነሥተው ጨፈሩ። ለቅሶ ላይ እንዲህ መደረጉን ሲሰሙ ራስዎን እንደሚነቀንቁ አውቃለሁ።

እንግዲህ ጌልዶፍም ማክጋወንም ከአንድ ሕዝብ የወጡ ናቸው። አየርላንድ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ተመትቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብ ሲያልቅባት፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ደግሞ ተሰድዶባታል። አንደኛው ረኃባችንን አይቶ ከሩቅ ሲዘፍንልን ሳተን፤ ሁለተኛው የራሱን ስደተኞች ሲዘፍን አገኘን። ለባልደረባዬ ይህን ስነግራት አልተስማማችም። «የመጀመሪያው እኮ ዱቄት ገዝቷል፣ የሁለተኛው ምን ገዛ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ለበዓል የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በወንድሜ በኩል ልኬአለሁ፤ ከእሱ ላይ ለእማዬ ነጠላ ይግዙላት፣ ለጉልበቷ የሚሆነውን ቅባት ደግሞ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። የዘንድሮው ገና ረቡዕ ቀን ስለሚውል ማክሰኞ ለሊቱን ሥራ ላይ ነኝ፤ ጠዋት ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባልደረባዬ ሸክላውን ያሳየችኝ ቀን፣ «ታዲያ በዚያ ዓመት የእናንተ ገና እንዴት ነበር?» ብላ ጠይቃኝ አላውቅም አልኳት፤ አለማወቄ ከእሷ ይልቅ እኔን ቆጨኝ። በ1977 ታኅሣሥ 29 ቀን ቆቦ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ነበርን? ከበሮውን የመታው ማን ነበር፣ ጉልበቱስ ነበረው? ከሕዝቡ ዝማሬውን ለመቀበል የቆመ ነበር? እርስዎስ የት ነበሩ? የሚያስታውሱትን ያህል፣ አጭርም ቢሆን፣ በእጅዎ ጽፈው ይላኩልኝ።

እማዬንና ወንድሞቼን በስም በስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ትዕግሥት