ስለዚያ በር

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? እማማስ ጤናቸው እንዴት ነው?

ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። የመጨረሻው መልእክትሽ እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ «እውነት ያ በር ክፍት ነው ብለሽ ፈርመሻል?» ይላል። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም የጠፋሁት፤ መልሱን ስለማውቀው ነው። ፈርሜያለሁ።

አንቺ ከልብስ ፋብሪካው ከወጣሽ በኋላ ከስፌት መስመር አንስተው ወደ ቢሮ አስገቡኝ። ልብሱን የሚገዙት ኩባንያዎች የሠራተኛውን አያያዝና ደኅንነት እንዲመረምሩ የሚልኳቸው ኦዲተሮች ሲመጡ የደመወዝ መዝገብ፣ የትርፍ ሰዓት ቅጽና የእሳት አደጋ ልምምድ ፎቶ ማቅረብ የእኔ ሥራ ሆነ። የማሸጊያ ክፍሉን የኋላ በር፣ ያንን የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ መቼም አትረሽውም፤ ካርቶን ተከምሮበት እጀታው እንኳ አይታይም ነበር። የኦዲቱ ዕለት ንጋት ላይ ካርቶኑ ተነሥቶ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተቀባ። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ኦዲተሩ ረገጠውና የጫማው ዱካ እስከ በሩ ድረስ ተከተለው። እጀታውን ጫን አደረገ፣ በሩ ተከፈተ፣ ቅጹ ላይ ፈረምኩ። ማታውኑ ካርቶኑ እዚያው ቢጫው ላይ ተመልሶ ተከመረ። ሰርተፍኬቱ ግን በመስተዋት ተደርጎ መግቢያው ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ራና ፕላዛ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013፣ ባንግላዴሽ፣ ዳካ አጠገብ ሳቫር ውስጥ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንጻ ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ዋዜማው ነው። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቷል። እታች የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤት ሰደደ። በሕንጻው የልብስ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ሰፊዎች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ ካልገባችሁ የወር ደመወዛችሁን ታጣላችሁ የተባሉም ነበሩ። ሰፊዋ ስንጥቁን አይታዋለች እኮ! የጎደላት «አልገባም» ብላ እንጀራዋን የማታጣበት መንገድ ነው። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች ደግሞ ቀደም ብሎ ኦዲት የተደረጉ ነበሩ። ይህን ሳነብ የራሴ ፊርማ ፊቴ ላይ መጣ።

ከአደጋው በኋላ ከ200 የሚበልጡ የልብስ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት ተፈራረሙ። ከእኛ ሰርተፍኬት በብዙ ይለያል። ቃሉን ያጠፈ በሕግ ይጠየቃል፤ የምርመራው ውጤት ከነፋብሪካው ስም ለሕዝብ ይወጣል፤ ሠራተኛ ለሕይወቱ ከሰጋ አልገባም የማለት መብት አለው።

ስለ ስሪላንካም ልንገርሽ፤ ብዙ አሳስቦኛል። የዓለምን የልብስ ንግድ ሲቆጣጠር የነበረው የኮታ ሥርዓት፣ ማለትም አንድ አገር ምን ያህል ልብስ ወደ ውጭ መላክ እንደሚችል የሚወስነው ገደብ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሲቀር፣ ከትልልቆቹ ልብስ አምራች አገሮች ጋር በርካሽነት መፎካከር አላዋጣትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2006 «ያለ በደል የተሠራ ልብስ» እንደማለት ያለ ዘመቻ ጀመረች፤ የሕፃናት ጉልበት የለበትም፣ ግዳጅ የለበትም፣ አድልዎ የለበትም ብላ። አገር በሙሉ በሠራተኛዋ ክብር ስሟን ልታስጠራ መነሣቷ ደስ ይለኛል። ታዲያ በዚህ ስም የሚሸጥ አገር ከፋብሪካው አጥር ውጭም ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት በሰብአዊ መብት ጉዳይ ለአገሪቱ ይሰጥ የነበረውን የቀረጥ ቅናሽ ዕድል አነሣ፤ የመለሰውም እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጥፋቱ ስፌት ማሽን ላይ የተፈጸመ አልነበረም፤ ዳፋው ግን እዚያ ድረስ ወረደ።

ካርቶኑ ለምን በር ላይ እንደሚከመር ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ገዢው በመጨረሻ ሰዓት ብዛቱን ይጨምራል፣ የመጫኛውን ቀን አያራዝምም፣ ዋጋውንም ከአምናው ዝቅ ያደርጋል። ያው ገዢ ነው ኦዲተሩንም የሚልከው። በሩን አስከፍቶ በዋጋው የሚዘጋው እሱ ነው። ደመወዝ ከወር ወር ካላደረሰ ማንም ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እምቢ አይልም፤ ቅጹ ላይም «በፈቃዴ» ብሎ ይፈርማል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ከካምቦዲያ ጋር ስትዋዋል የሠራተኛው አያያዝ ከተሻሻለ ኮታውን ከፍ አደርጋለሁ ብላ ነበር። መልካም ሥራ ዋጋ ሲከፈልበት እንዲህ ነው፤ የእኛ ገዢ ግን ለተከፈተው በር አንዲት ሳንቲም አልጨመረም።

ያንን ፋብሪካ ለቅቄያለሁ። አሁን ያለሁበት ሠራተኛው ራሱ የመረጠው የደኅንነት ኮሚቴ አለ። ባለፈው ወር ከማሸጊያ የተመረጠች አንዲት ልጅ ካርቶን መውጫው ላይ ሊደረደር ሲል እጇን ዘርግታ ቆመች። ሱፐርቫይዘሩ ጮኸባት፣ መኪናው ይጠብቃል አላት፤ ንቅንቅ አላለችም። ጭነቱ በዚያ ቀን አልወጣም። በማግስቱ ትባረራለች ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ አደርኩ።

አልተባረረችም። ግን ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው እሷ ቦታዋ ላይ መኖሯን ነው።

ቁጥሬ አልተለወጠም። ብትቆጪም ተቆጪኝ፣ ብቻ ድምፅሽን ልስማው።

ያቺው ጓደኛሽ