ሕፃኑ የማይፈጨው ስኳር፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት ሥራ ሲጀምር በዕቅዱ ላይ የሰፈሩት የተለመዱት ሁለቱ ሥራዎች ነበሩ፤ ችግኝ ተከላና የጥያቄና መልስ ውድድር። ሁለቱም ተከናውነዋል። ችግኞቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጸድቀዋል፣ ውድድሩንም 10ኛ «ለ» አሸንፏል። ዓመቱን የወሰደብን ግን በዕቅዱ ያልነበረ ጉዳይ ነው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ዓርብ ስለ ሥርዓተ ልመት ስንወያይ፣ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ፣ ከቀላል ስኳሮች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስኳሮች እንዳሉ፣ ሕፃኑ ግን እነሱን የሚፈጭበት ኢንዛይም እንደሌለው ነገርኳቸው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ወዲያው እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ልጁ ካልፈጨው እናትየዋ ለምን ትደክምበታለች?»

ጥያቄው እስከ ሰኔ አልለቀቀንም።

መጀመሪያ መጠኑን በዓይናችን ለማየት ፈለግን። ጥናቶች በአንድ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ግራም ኦሊጎሳካራይድ እንዳለ ይናገራሉ። ይህም በወተቱ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር የሚቀራረብ ነው። ተማሪዎቹ የአንድ ሊትር ጆግ አጠገብ ስኳር መዝነው በወረቀት ላይ አስቀመጡ፤ 15 ግራሙ ሦስት የሻይ ማንኪያ ግድም ሆነ። ለላም ወተት ሲደርሱ ግን ሚዛናችን ማንበብ አቃተው። በአንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ያለው ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጥቂት የስኳር ቅንጣቶችን በጣታቸው ቆንጥረው በባዶ ወረቀት ላይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ አልረሳውም።

በጥር ወር ዶቃ ገዛን። ከ150 በላይ የሆኑት የእናት ወተት ኦሊጎሳካራይዶች የሚሠሩት ከአምስት ዓይነት ቀላል ስኳሮች ብቻ ነውና አምስት ቀለም በቃን፦ ሰማያዊ ለግሉኮስ፣ ቢጫ ለጋላክቶስ፣ ቀይ ለፉኮስ፣ አረንጓዴ ለኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን፣ ሐምራዊ ለሲያሊክ አሲድ። ማንኛውም ሰንሰለት በሰማያዊና በቢጫ ይጀምራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ላክቶስ፣ ማለትም ዋናው የወተት ስኳር፣ ናቸውና። በዚያ ላይ አንድ ቀይ ሲታከል በብዙ እናቶች ወተት ውስጥ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ይሆናል። ብዙ እናቶች እንጂ ሁሉም አይደሉም፤ ቀዩን ዶቃ በዚያ ቦታ የሚሰካው ጂን የማይሠራላቸው እናቶች አሉ። የእነሱ ወተት ሌሎቹን ሰንሰለቶች ይዟልና ጎደሎ ነው ማለት አይደለም። ይህን ደጋግሜ የተናገርኩት ማንም ተማሪ ቤቱ ገብቶ እናቱን እንዳያስጨንቅ ብዬ ነው።

ታዲያ ሕፃኑ የማይፈጨውን ስኳር የሚበላው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1899 አንሪ ቲሲዬ የተባለ ሐኪም በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጡት የሚጠቡ ሕፃናትን ዓይነ ምድር ሲመረምር፣ ጫፋቸው እንደ ባላ የተሰነጠቀ ባክቴሪያዎች አገኘ። ዛሬ ቢፊዶባክቴሪየም እንላቸዋለን። ስኳሩ በሆድም በትንሹ አንጀትም ሳይነካ ያልፍና ትልቁ አንጀት ሲደርስ እነሱ ይቀበሉታል። ከመካከላቸው ኢንፋንቲስ የሚባለው ሰንሰለቱን ደጅ ላይ አይቆርሰውም፤ ሙሉውን ወደ ውስጡ አስገብቶ እዚያው ይፈታዋል። ለጎረቤት የሚተርፍ ፍርፋሪ የለም። ከዚያ የሚወጣው አሲድ፣ የኮምጣጤውና የእርጎው አሲድ መሆኑ ነው፣ አንጀቱን ለብዙ ጎጂ ተሕዋስያን የማይመች ቦታ ያደርገዋል።

ይህን ለማሳየት ጥሬ የላም ወተት አስቀምጠን አረጋነው። አሲድ ሲነካው የሚቀላው ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት በመጀመሪያው ቀን ብዙም አልተለወጠም፤ በሦስተኛው ቀን ቀላ። እርጎን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው፣ የሚመገቡትም ላክቶስን ነው። ባክቴሪያ ስኳር በልቶ አሲድ እንደሚያወጣ ለማየት ግን በቂያችን ነበር። የእናት ወተት አምጥተን እንመርምር ያሉም ነበሩ። አልፈቀድኩም። ቤተ ሙከራችን የሰው ፈሳሽ የሚያዝበት ዝግጅት የለውም፤ ያ ወተት ደግሞ ባለቤት አለው።

በሚያዝያ ያቀረብነው ድራማ የስኳሮቹን ሁለተኛ ሥራ አሳየ። ካምፒሎባክተርን የመሰሉ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን የአንጀትን ግድግዳ የሚይዙት በላዩ ላይ ባሉ ስኳሮች ነው። በወተቱ ውስጥ የሚንሳፈፉት ሰንሰለቶች እነዚያን ይመስላሉ፤ ተሕዋሱ ግድግዳው መስሎት እነሱን ይጨብጥና ተጠራርጎ ይወጣል። በቀይ ጋቢ የተጠቀለለው «ካምፒሎባክተር» የዶቃ ሰንሰለት አንቆ ከመድረክ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ተነሥተው አዩ።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የነካቸው ግን ጥናቱ እዚሁ ደጃችን መድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ ከ8 አገሮች የተውጣጡ 410 እናቶች ወተት ሲነጻጸር፣ ከተመረጡት 11 ቦታዎች ሁለቱ ሐዋሳ ከተማና የሲዳማ ገጠር ነበሩ። የስኳሮቹ መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ ተለያይቶ ተገኘ፤ አንደኛው ዓይነት በስዊድን እናቶች ወተት ውስጥ ከጋምቢያ ገጠር በአራት እጥፍ በልጧል።

ያችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ እናቷ በግንቦት ተገላገሉ። ቤታቸው እንደ ብዙዎቻችን ቤት ነው፤ እንገሩ ቆሻሻ ነው ተብሎ ይታለባል፣ አራሱ ልጅ ቅቤ ይውጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጠባ፣ እስከ ስድስት ወርም ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ መክራ ነበር። ተማሪዋ ደግሞ ለአያቷ ሌላ ነገር ጨመረችላቸው፤ ኦሊጎሳካራይዱ ከሁሉ የሚበዛው በእንገሩ ውስጥ ነው፣ በሊትር ከ20 ግራም በላይ ይደርሳል አለቻቸው። አያቷ «እኛም ልጆቻችንም ቅቤ ውጠን ነው ያደግነው» አሉ። ቢሆንም «እስቲ ያንን ዶቃ አምጪውና አሳዪኝ» አሏት።

ሰኞ መጥታ አስፈቀደችኝ። በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ አሁን 11 ሰንሰለቶች ተሰቅለዋል። 12ኛው፣ ሦስት ዶቃ ያለው፣ እዚያ ቤት ነው። ሕፃኑ እንገሩን ጠብቷል።