ግራሩን ያደረቀችው ወፏ አይደለችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ በሳቢያን ሰፈራችን መንገድ ዳር ያለው ደረቅ ግራር ከሥሩ እንዲቆረጥ ጠይቀዋል። ምክንያታቸው ግንደ ቆርቁር በስታ አደረቀችው የሚል ነው። እኔ ሙያዬ አናጺነት ነው፤ እንጨት አውቃለሁና ለወፏ ልመስክርላት።

ከግንዱ ሥር የወደቀውን ፍቅፋቂ አንስቼ በጣቶቼ ሳሸው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ጤነኛ ግራር እንዲህ አይሆንም፤ የመጋዝ ጥርስ ያዶለዱማል። ዛፉ ቀድሞ ሞቶ ውስጡ በስብሷል፤ እሷም ለጎጆዋ የመረጠችው ለምንቃሯ የሚመቸውን ይህንኑ የበሰበሰ ግንድ ነው።

ይህች ወፍ የኑቢያ ግንደ ቆርቁር ትባላለች፤ የግራር አገር ወፍ ናት። ርዝመቷ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንዱ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ቀይ ነው፤ ከምንቃሩ ሥር በጉንጩ የሚወርደው መስመርም እንዲሁ። ሴቷ ግን ቀይ ያላት ማጅራቷ ላይ ብቻ ነው፤ ግንባሯ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። ብዙ ሰው ከእሷ ከምታንሰው ዘመዷ ጋር ያምታታታል። ደረቷን ማየት ይበቃል፦ ክብ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ካለው የኑቢያዋ ናት፤ ቁልቁል የወረደ ጭረት ከሆነ ትንሿ ናት። ጥንዶቹ እየተቀባበሉ ሲጮኹ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማቸዋል።

ምግቧ በአብዛኛው ጉንዳንና ምስጥ ነው። ምስጥ ስንት መቃንና ስንት ወራጅ እንደሚበላ የከተማችን አናጺ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ በየዓመቱ የምጠግነው በር ምስክር ነው። ምስጥ የምትለቅም ወፍ ጎረቤት ሆና ስትመጣ ማባረር ምን ይሉታል? ትታው የምትሄደው ጉድጓድም ቢሆን ራሳቸው መፈልፈል ለማይችሉ ሌሎች ወፎች ቤት ይሆናል።

የአንባቢው ስጋት በአንድ በኩል ትክክል ነው። ወደ መንገዱ ያጋደለው ቅርንጫፍ በተማሪዎች ላይ ሊወድቅ ስለሚችል መውረድ አለበት። ግንዱ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ከቤትም ከኤሌክትሪክ መስመርም የራቀ ነው፤ ጎጆውም ያለው እሱ ላይ ነው። ቀበሌያችን ከፈቀደልኝ ቅርንጫፉን በራሴ መሰላልና መጋዝ ያለ ክፍያ አወርደዋለሁ፤ ግንዱ ይቆይ።

አንድ አናጺ፣ ከድሬዳዋ