18.5 የ13 ዓመት ልጅ መለኪያ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በፊት ገጻችሁ ያወጣችሁት፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖሩ ታዳጊዎችን «አብዛኞቹ በምግብ እጥረት የከሱ» ያለው ዘገባ በእኛ ሰፈር ያልደረሰበት ቤት የለም። ከኮዬ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን እስከ የካ አባዶ፣ በታክሲ ተራውም በትምህርት ቤቱ በርም የሚወራው እሱ ነው። ዘገባው ብዙ ነገር ይዟል። እኔ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት ቁጥር ነው። ከሰንጠረዡ ሥር በትንንሽ ፊደል «ቢኤምአያቸው (ክብደታቸው ከቁመታቸው ጋር ሲመዘን ያለው ልኬት) ከ18.5 በታች የሆኑ» ትላለች። ርዕሱም፣ ሰንጠረዡም፣ የተጠየቁት ባለሙያ ሐዘንም የቆሙት በእሷ ላይ ነው። ለእነዚህ ልጆች ግን ፈጽሞ አትሠራም።

ቢኤምአይ የሚሰላው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ፣ በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ በማካፈል ነው። 18.5 የሚለው ወሰን የተቀመጠው ዕድገታቸውን ለጨረሱ አዋቂዎች ነው። ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሌላ ማጣቀሻ አለ፤ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቷ ለብቻዋ፣ ዕድሜ በወር ተቆጥሮ የሚነበብ። አንድ ታዳጊ ከስቷል የሚባለው በዕድሜውና በጾታው ካለው መካከለኛ ልኬት ከሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ልኬቶች ከመሃል የሚራራቁበት መጠን) በላይ ሲወርድ ነው። ይህ ወሰን ለ12 ዓመት ሴት ልጅ 14.4፣ ለ13 ዓመቷ 14.9፣ ለ15 ዓመቷ 15.9 ነው። ለ13 ዓመት ወንድ 14.9፣ ለ15 ዓመቱ 16፣ ለ17 ዓመቱ 16.9 ነው። 19 ዓመት ሲሞላቸው እንኳ የሴቷ 16.5፣ የወንዱ 17.6 ነው፤ 18.5 አይደርስም።

ይህ ጥቃቅን የባለሙያ ክርክር የሚመስለው ካለ፣ መካከለኛውን ልጅ ይመልከት። በዚያው ማጣቀሻ ልክ መሃል ላይ የሚገኘው የ13 ዓመት ወንድ ልጅ ቢኤምአይ 18.2 ነው። መሃል ላይ የምትገኘው የ12 ዓመት ሴት ልጅ 18 ናት። ስለዚህ እናንተ በተጠቀማችሁበት ወሰን ቢለኩ፣ ለማጣቀሻ ከተወሰዱት ልጆች ራሳቸው በዚህ ዕድሜ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «የከሱ» ተብለው ይመዘገባሉ። «አብዛኞቹ» የሚለው ቃል የመጣው ከልጆቹ ሰውነት ሳይሆን ከወሰኑ ነው። ቦሌ መሃል ባለ የግል ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን በዚሁ ወሰን ብትለኩ የምታገኙት ያንኑ «አብዛኞቹ» ነው። እዚያ አልለካችሁም፤ ርዕሱ የእኛን ሰፈር ስም ይዞ ወጣ።

በምሳሌ ላስረዳ። ቁመቷ 152 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 40 ኪሎ የሆነ የ13 ዓመት ልጅ ቢኤምአይ 17.3 ነው። ለዕድሜዋ ከመካከለኛው ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ፍጹም ጤናማ ልኬት ነው። በእናንተ ሰንጠረዥ ግን ከተራቡት ጋር ተቆጥራለች። የአባቱን ካፖርት ለልጁ አልብሶ፣ ሲሰፋበት «ልጁ ከስቷል» እንደማለት ነው። ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ ጓደኞቿ አሉ፤ ጋዜጣውን በስልክ የሚያነቡ ጓደኞች። እናቷ በብድር ዘይት የምትገዛ፣ ግን ልጇን ጾሟን አሳድራ የማታውቅ ሴት ናት። እነዚህን ሰዎች በፊት ገጽ «ልጆቻቸውን መመገብ ያልቻሉ» ብሎ መጻፍ ከስህተትም በላይ በደል ነው። ሰፈራችን ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ውሃ ሲጠፋና ቤት ሲፈርስ ነበር፤ አሁን በዚህ ላይ የሌለ ረሃብ ተጨመረበት።

ከዚህ የከፋው ደግሞ መለኪያው እውነተኛውን ችግር መሸፈኑ ነው። ቁመቷ 140 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 33 ኪሎ የሆነች ሌላ የ13 ዓመት ልጅ እንውሰድ። ቢኤምአይዋ 16.8 ነው፤ በትክክለኛው ወሰን አልከሳችም። ነገር ግን በ13 ዓመቷ የመቀንጨር፣ ማለትም ለዕድሜ እጅግ የማጠር፣ ወሰን 142.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህች ልጅ ቀንጭራለች። ክብደቷ ከአጭር ቁመቷ ጋር ስለሚመጣጠን ቢኤምአይ ብቻውን አያሳያትም። መቀንጨሯ የዛሬ ወር ያመጣው አይደለም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተከማቸ ነው። ነገ ስትወልድ ለእሷም ለልጇም አደጋ የሚሆነው ይህ ነው። ታዲያ ቁመት ለዕድሜ በዘገባው ውስጥ የት አለ? ቁመታቸውን ለክታችኋል፤ ባይለካ ቢኤምአይ አይሰላም ነበር። ቁጥሩ በእጃችሁ እያለ አንድ መስመር አልጻፋችሁበትም።

ዕድሜውስ እንዴት ተወሰደ? ዘገባው «ከ10 እስከ 17» ይላል እንጂ የትውልድ ቀን ስለመጠየቁ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የስሌት ፕሮግራም የሚቀበለው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ የእኛ ልጆች ካርድ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቀን ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። መረጃ መዝጋቢዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለሁሉም 8 ይደምራሉ። ኅዳር 2004 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ 2011 መሆን ሲገባት 2012 ትባልና አንድ ዓመት ሙሉ ታንሳለች። ያችው 140 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ልጅ 12 ዓመቷ ነው ተብላ ስትመዘገብ ወሰኑ ወደ 137.6 ይወርድላትና ጤነኛ ትሆናለች። በብዕር አንድ ጭረት መቀንጨሯ ጠፋ። ቀኑን ወርና ዓመት ለይቶ ከልደት ወይም ከክትባት ካርድ መገልበጥ፣ ካርድ ለሌለው ከበዓላት ጋር እያያያዙ ወሩን ከወላጅ ማጣራት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መቀየር ነው።

ልኬቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶ ላይ ልጅቷ ጫማዋን አላወለቀችም፤ ሹራቧንም ለብሳለች። ሚዛኑ የተቀመጠው ሣር ላይ ነው። ሚዛን ደልዳላ ሲሚንቶ ወይም ጣውላ ላይ ካልተቀመጠ ክብደት ያጎድላል ወይም ያዛባል። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ይፈተሻል፤ ቦታ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ይፈተሻል። ጫማና ሹራብ አንድ ኪሎ ቢጨምሩ የ152 ሴንቲ ሜትሯን ልጅ ከ17.3 ወደ 17.7 ይወስዷታል። ቁመት ሲለካ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ሰሌዳውን ይነካሉ፤ የዓይንና የጆሮ ቀዳዳ መስመር አግድም ይሆናል፤ ሹሩባው ጉብ ብሎ ከተሠራ ይፈታል ወይም ወደ ጎን ይደረጋል እንጂ በላዩ ላይ አይነበብም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲጨመርላት ያችው ልጅ 16.9 ትሆናለች። ሁለት ጊዜ ይለካል፤ በሁለቱ መካከል ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ሦስተኛ ይደገማል። ሰው ከሰዓት በኋላ ከጠዋቱ ስለሚያጥር የአንዱን ትምህርት ቤት ጠዋት፣ የሌላውን ማምሻውን ለክቶ ማወዳደርም ልክ አይደለም።

አመጋገብን በተመለከተ ወላጆች በስልክ መጠየቃቸውን ጽፋችኋል፤ የተደወለው ሐሙስና ቅዳሜ እንደሆነም እንዲሁ። ጥያቄው «ልጅዎ ትናንት ምን በላ/ች?» ነው። የሐሙስ ትናንት ረቡዕ ነው፤ የቅዳሜ ትናንት ዓርብ። ጾመኛ ቤት ውስጥ በሁለቱም ቀን ወተትም እንቁላልም ሥጋም የለም። ሌሎቹን ቀናት ትቶ በጾም ቀን ብቻ ጠይቆ «የእንስሳት ተዋጽኦ አይቀምሱም» ማለት ይቻላል? ደግሞስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ለመያዝ ከቤት የወጣች እናት ልጇ በእረፍት ሰዓት ምን እንደበላች በምን ታውቃለች? ታዳጊ ራሱ ነው የሚጠየቀው፤ ፊት ለፊት፣ ከእንቅልፉ ከተነሣበት ጀምሮ፣ በመንገድ የተበላውን ሳምቡሳና ቆሎ ጭምር። በስልክ መሥራት ግድ ከሆነ ቀኖቹ ለሰባቱም ይከፋፈላሉ፤ ማታ ልጁ ቤት ሲገባ ይደወላል፤ ስልኩ ዝግ የሆነበት ቤትም ከዝርዝር ሳይሰረዝ በእግር ይኬድበታል። ስልኩ የማይነሣበት ቤት ብዙውን ጊዜ ልናገኘው የሚገባን ቤት ነው። የተጠቀማችሁበት፣ የተበላውን በአሥር የምግብ ምድቦች የሚቆጥረው መለኪያም ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የተዘጋጀ ነው፤ ለ11 ዓመት ወንድ ልጅ አይደለም። በዚያ ላይ በወጥ ውስጥ ያለ ከ15 ግራም ያነሰ ሽንኩርትና ቲማቲም እንደ አትክልት ምድብ አይቆጠርም፤ ሽሮና ምስርም ሁለት ሳይሆኑ አንድ ምድብ ናቸው።

ሊለካ ሲገባው የቀረው ደም ነው። የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የኢትዮጵያ ሴቶች 24 በመቶው፣ በአዲስ አበባ 16 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከ10 እስከ 14 ያሉት ልጆች ደም ግን በዚያ ጥናት አልታየም፤ ወር አበባ የሚጀምረው ደግሞ በዚያ ዕድሜ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን) ስለሚሠራ፣ ከተለካው ላይ 1 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተቀንሶ ነው ከ12 ግራም በዴሲ ሊትር ጋር የሚወዳደረው። 12.4 የተነበበላት ልጅ ያለ ቅነሳ ጤነኛ ትመስላለች፤ ከተቀነሰ በኋላ የደም ማነስ አለባት። ለእሷ የሚያስፈልገው ምክርም ዝርዝር ያለው ነው፦ ሻይ ከምግብ ጋር ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ፤ ከሽሮውና ከምስሩ ጋር ሎሚ ወይም ቃሪያ፤ የደም ማነስ በስፋት ባለበት ደግሞ ለእኩዮቿ፣ ለመከላከያ እንጂ ለሕክምና ሳይሆን፣ በሳምንት አንዴ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 2.8 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለው ክኒን። ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ የሚሰጠው ክኒን ፎሊክ አሲዱ 0.4 ሚሊ ግራም ስለሆነ አንዱ በሌላው አይተካም።

ሙሉ በሙሉ የተረሱም አሉ። የለካችሁት ቀን የሚማሩትን ነው። የከተማው የምገባ ፕሮግራም እስከ 8ኛ ክፍል ስለሚያበቃ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ከሰኔ ወደ መስከረም ሲሻገር ምሳው ይቀርበታል፤ ዘገባው ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰው ቤት ተቀጥራ ማታ የምትማረው የ15 ዓመት ልጅ፣ ግንባታ ላይ አሸዋ የሚያወጣው፣ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ቆማ የምትውለው የ17 ዓመት ልጅ በዘገባው የሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓት አይሠራም። ፈረቃው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የምሳ እረፍቱ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ምግቡ ከደሞዝ እንደሚቆረጥ ወይም እንደማይቆረጥ ሳይጠየቅ «የዳርቻው ታዳጊ አመጋገብ» የሚባል ጥናት አይሟላም። ዕድገቱን ሳይጨርስ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ልጅ ከሁሉም በላይ ሊመዘን የሚገባው ነበር።

የምጠይቀው ይህን ነው። ርዕሱ በወጣበት በዚያው ፊት ገጽ ማስተካከያ ይውጣ። ሰንጠረዡ በ2007ቱ ማጣቀሻ፣ በዕድሜና በጾታ ተለይቶ፣ ቁመት ለዕድሜም ተጨምሮበት እንደገና ይሠራ፤ የልጆቹን ስምና የትምህርት ቤቱን ስም አውጥታችሁ የክብደት፣ የቁመትና የትውልድ ቀን ዝርዝሩን ብትልኩልን ስሌቱን በነፃ ሠርተን እንመልሳለን። የልጅቷ ፎቶ ከድረ ገጹ ዛሬውኑ ይነሣ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ
ከአቃቂ ቃሊቲ