ፕሮፎርማው ላይ የማይጻፈው ድምፅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ ከተማ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በለገጣፎና በሰበታ መንገድ ባሉ ሰፈሮች፣ ለሳሎን ቴሌቪዥን የሚሆን ኮምፒዩተር የሚያስገጥም ሰው እየበዛ ነው። ፊልሙን፣ መዝሙሩን፣ የልጆቹን ልደትና የሠርጉን ቪዲዮ አንድ ቦታ አስቀምጦ በትልቅ ስክሪን ማየት መልካም ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ማታ ነው። በነዚህ ሰፈሮች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መኪናው ይቀንሳል፣ የጅብ ጩኸት ከሩቅ ይሰማል። መርካቶ ሱቅ ውስጥ ሲከፈት ምንም ያልተሰማው ማሽን እዚያ ሳሎን ሲገባ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ድምፁን የሚውጠው ነገር የለም።

ይህን የምንጽፈው ለገዢም ለሻጭም ነው። ሱቆች የሚሰጡት ፕሮፎርማ «ኮር አይ5፣ ራም 16 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ 512 ጂቢ፣ ፓወር ሰፕላይ 500 ዋት፣ ኬዝ» ብሎ ያበቃል። ድምፁን የሚወስኑት ነገሮች አንዳቸውም እዚያ ላይ የሉም፦ የፓወር ሰፕላዩ ዓይነት፣ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ስንት ዋት እንደሚችል፣ የፋኖቹ ስፋት፣ የፋኑ ገመድ ስንት ፒን እንዳለው። ገዢው ያልጠየቀውን ሻጩ በርካሹ ይሞላዋል፤ ጩኸቱም የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

መነሻው ሙቀት ነው። ከሶኬት የገባው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ከኬዙ መውጣት አለበት፤ ፋኑም የሚዞረው ለዚሁ ነው። 30 ዋት የሚበላ ማሽንና 120 ዋት የሚበላ ማሽን በአንድ ዓይነት ፋን እኩል ጸጥ ሊሉ አይችሉም። ስለዚህ ምርጫው ከፕሮሰሰሩ ይጀምራል።

ፊልም ማሳየት ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ የታመቀውን ቪዲዮ የሚፈታው ክፍል ፕሮሰሰሩ ላይ አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ውስጥ መኖሩ ግን ግድ ነው። 4ኬ ፊልሞች በብዛት የሚመጡት ኤችኢቪሲ 10 ቢት በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ስልት ነው፤ ዩቲዩብ ቪፒ9ና ኤቪ1 የሚባሉትን ይጠቀማል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኤችኢቪሲ 10 ቢትንና ቪፒ9ን ሙሉ በሙሉ በዚያ ክፍል መፍታት የጀመሩት ከ7ኛው ጄነሬሽን ነው፤ ኤቪ1 የተጨመረው በ11ኛው ነው። በኤኤምዲ በኩል የዴስክቶፕ ራይዘን 7000 ኤቪ1ን ይፈታል፣ 5000ጂ አይፈታም። ከኢንቴሉ ቁጥር በኋላ «ኤፍ» የሚል ፊደል ካለ ግራፊክስ የለውም ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ አይገዛ። መፍቻው ክፍል ከሌለ ፕሮሰሰሩ ኮሮቹን ሁሉ አሰልፎ ይፈታዋል፣ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይላል፣ ፋኑ ይከተላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ፊልሙ እየሄደ የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከፍቶ የጂፒዩውን (የግራፊክሱን) «ቪዲዮ ዲኮድ» መስመር ማየት ነው። መስመሩ ዜሮ ላይ ተኝቶ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 80 በመቶ ላይ ከሆነ ያ ማሽን ለሳሎን አልተመረጠም።

ፊልም ብቻ ለሚያይ ቤት ኢንቴል ኤን100 ይበቃል፤ የተመደበለት 6 ዋት ብቻ ነው፣ ኤቪ1ንም ይፈታል። ያገለገሉት የቢሮ ሚኒ ኮምፒዩተሮች፣ ማለትም ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ቲንክሴንተር ታይኒ የሚባሉት፣ 7ኛ ጄነሬሽንና ከዚያ በላይ ሆነው ከቁጥሩ መጨረሻ «ቲ» ካላቸው 35 ዋት ናቸው፤ ጥሩ ግዢ ናቸው። ግን የቴሌቪዥን መሰኪያቸው ይታይ። ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ በሴኮንድ ከ30 ምስል (ፍሬም) አያልፍም፤ 60 የሚያወጣው 2.0 ነው።

አሁን ስለ አየሩ፤ ይህ ከውጭ አገር የሚመጡት መመሪያዎች የማያነሱት ነገር ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን እንኳ አየሯ ከባሕር ጠለሉ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ባቄላ እዚህ ቶሎ የማይበስለው፣ ውሃውም 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ከፍታ የተነሳ ነው። ፋኑ የሚገፋው አየር በሊትር ያው ነው፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው ሙቀት ተሸካሚ ግን አንሷል። ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፋኑ ሲሶ ያህል ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «65 ዋት» የተባለ ማቀዝቀዣ እዚህ ወደ 50 ዋት ወርዶ ይታሰብ። ለ35 ዋት ፕሮሰሰር 65 የሚለውን፣ ለ65 ዋቱ 95 ወይም ከዚያ በላይ የሚለውን መግዛት ነው። ፋን የሌላቸው፣ ኬዛቸው ራሱ ሙቀት የሚያስወጣ ማሽኖችም ከዚህ አያመልጡም፤ እነሱም የሚተማመኑት በዚሁ በሳሳው አየር ነው፣ በላያቸው ዲኮደር ወይም የጥልፍ ጨርቅ አይቀመጥባቸው። የሚክሰን ነገር ቢኖር የማታው ቅዝቃዜ ነው።

ፋን ሲመረጥ ሰፊና ቀርፋፋ ይሁን። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀነስ ድምፁ በድምፅ መለኪያው በግምት 15 ዴሲቤል ይወርዳል፤ 10 ዴሲቤል መውረድ ለጆሮ ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ ሆኖ ይሰማል። እኩል የሚጮኹ ሁለት ፋኖች አንድ ላይ ሲዞሩ ደግሞ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሒሳቡን ማገናኘት ነው፦ አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን በደቂቃ 1,400 ዙር ከማስጮህ ሁለት ፋን በ700 ዙር ማዞር ያንኑ ያህል አየር ያንቀሳቅሳል፣ ድምፁ ግን በ12 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። «ፋን ሲበዛ ጩኸት ይበዛል» የሚለው የተለመደ አባባል ሰውን ያሳስታል። በ120 ወይም በ140 ሚሊ ሜትር ፋን ከ800 ዙር በታች ከተኬደ ሦስት ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው እምብዛም አይሰማም። ከ60 ሚሊ ሜትር በታች ያሉት ትንንሾቹ ያፏጫሉ፤ ፉጨት ደግሞ ከጉርምርምታ ይልቅ ጆሮ ይበሳል።

ሱቅ ውስጥ ድምፅ መመዘን አይቻልም፤ ጣት ግን ያውቃል። ፋኑን በፍሬሙ ይዞ ክንፉን በጣት ቀስ አድርጎ መምታት፤ ደህናው ለስልሶ እየዘገየ ይቆማል፣ የተበላው በድንገት ይቆማል ወይም እያንቀጠቀጠ ይዞራል። ቀጥሎ መሃሉን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ፤ ቀጭ የሚል ልቅነት ካለው በወራት ውስጥ መንጫጫት ይጀምራል። ገመዱ ባለ 4 ፒን ቢሆን ይመረጣል፤ ባለ 3 ፒኑም ባዮስ ውስጥ (ኮምፒዩተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) «ዲሲ» ተብሎ ከተስተካከለ ይታዘዛል። ደጋግሞ የሚገጥመው ስህተት የኬዙን ፋኖች ከፓወር ሰፕላዩ በሚወጣው ሞሌክስ በሚሉት ትልቁ ሶኬት መሰካት ነው። እዚያ የተሰካ ፋን 12 ቮልት ሙሉ እየጠጣ ከመነሳት እስከ መዘጋት ባለ በሌለ ኃይሉ ይዞራል፤ ምንም ማስተካከያ አይሰማም። ርካሾቹ ባለ መብራት ኬዞች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዚህ ዓይነት ፋን ነው።

በከተማው ዳር ከዚህ ሁሉ የሚከፋው አቧራ ነው። ኮብልስቶን ባልደረሰበት መንገድና ግንባታ ባላለቀበት ሰፈር፣ በበጋ ወራት፣ ጸጥ ያለው ማሽን በሁለት ወር ውስጥ መጮህ ይጀምራል። ሰው ፋኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ፋኑን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን የማቀዝቀዣ ብረት ማየት ነው፦ በብረት ቅጠሎቹ መካከል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አቧራው በፋኑ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ እንደ ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ አየር ግን አያልፍም። መከላከያው አየር የሚገባበትን በወንፊት ዘግቶ ከሚወጣው ይልቅ የሚገባውን ማብዛት ነው፦ ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ ቀርፋፋ አስወጪ። ያኔ አየሩ በየቀዳዳው ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ አቧራ ይዞ አይገባም። ወንፊት የሌለው ኬዝ ላይ አንድ ድርብ የናይለን ስቶኪንግ በፍሬም ወጥሮ ማሰር ይሠራል። በበጋ በየአምስት ሳምንቱ ወንፊቱ ታጥቦ፣ ደርቆ ይመለስ። በብሎወር ሲነፋ ክንፉ በጣት ይያዝ፤ ሳይያዝ የተነፋ ፋን ከመጠኑ በላይ ፈጥኖ ይዞርና ኩሽኔታው ይጎዳል።

ፓወር ሰፕላይ ላይ የዋት ቁጥር መቁጠር አያዋጣም፤ እንዲህ ያለው ማሽን የሚበላው ከ30 እስከ 80 ዋት ነው። ቁም ነገሩ የሚያባክነው ነው። 80 ፕላስ ጎልድ የሚባለው የቁጠባ ደረጃ ያለው በ230 ቮልት በግማሽ ጭነት ላይ 92 በመቶውን ያሳልፋል፤ የተረፈችው ጥቂት ሙቀት ስለሆነች በአንዳንዶቹ ላይ ፋኑ ጭነቱ እስኪጨምር ጭራሽ አይነሳም። ከዚህም የተሻለው እንደ ላፕቶፕ ከውጭ የሚሰካ አዳፕተር ያለው ማሽን ነው፤ ፋን የሚባል ነገር የለውም።

ኮምፒዩተሩ ጸጥ ብሎ ስታብላይዘሩ የሚያጉረመርምበት ቤትም ብዙ ነው። ያ ጉርምርምታ ከትራንስፎርመሩ ነው፤ በኮምፒዩተሩ በኩል ምንም ቢደረግ አይጠፋም። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ፓወር ሰፕላይ ያለው ማሽን ለቮልቴጅ መውረድ ስታብላይዘር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ግፊት የሚያስቆም መከላከያ ያለው ዲቫይደር ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘውን) የሚገዛ ሰው «ፑር ሳይን ዌቭ» የሚለውን ይጠይቅ፤ በሌላው ላይ መብራት ሲሄድ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ሊጮህ፣ አንዳንዴም ሊጠፋ ይችላል። ከስፒከሩ የሚወጣ ተከታታይ እምምታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመሬት ሽቦ ጣጣ ነው። የፕላጉን ሦስተኛ እግር መቁረጥ አደጋ ነው፤ ድምፁን በኦፕቲካል ገመድ ማውጣት ይፈታዋል።

ሃርድ ዲስክ ሳሎን ውስጥ ባይገባ ይሻላል። በደቂቃ 7,200 ዙር የሚዞረው በሴኮንድ 120 ጊዜ፣ ባለ 5,400ው 90 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ብፌው ላይ ሲቀመጥ ጣውላው እንደ ክራር ሣጥን ያጎላዋል። ዲስኩን በእጅ ከብፌው ከፍ ሲያደርጉት እምምታው ቀጥ ካለ ጥፋቱ የንዝረት ነው። ሲስተሙ በኤስኤስዲ ይሁን፣ ፊልሞቹ ያሉበት ዲስክ ዕቃ ቤት ተቀምጦ በኔትወርክ ገመድ ይምጣ። የ4ኬ ብሉሬይ ፊልም በሴኮንድ እስከ 128 ሜጋ ቢት ሊደርስ ስለሚችል ባለ 100 ሜጋ ቢቱ የኔትወርክ ስዊች ያቆራርጣል፤ ባለ ጊጋ ቢቱ ይገዛ። ዲስኩ ግድ ሳሎን ከሆነ በልብስ ላስቲክ አራት ዘለላ ኬዙ ውስጥ ይንጠልጠል፣ ብረት ሳይነካ፣ ዙሪያውን አንድ ሳንቲ ሜትር ተትቶለት። ኬዙ ከዚያ በኋላ አይዘዋወር።

ባዮስ ውስጥ የፋኑ መስመር፣ ማለትም በሙቀቱ ልክ ፍጥነቱ የሚታዘዝበት፣ እንዲህ ቢጀመር ጥሩ ነው፦ እስከ 55 ዲግሪ ከሙሉ ፍጥነቱ 30 በመቶ፣ 65 ላይ 45፣ 80 ላይ 100። ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ሴኮንድ የሚያዘገየው ማስተካከያ ካለ ይብራ። ጆሮን የሚያስቸግረው ወጣ ገባ የሚለው ድምፅ ነው፤ አንድ ወጥ የሆነውን ጆሮ ይለምደዋል። በ30 በመቶ የማይነሳ ፋን ካለ 40 ይደረግ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው፣ የደረቀው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ቴርማል ፔስት) በአልኮል ተጠርጎ እንደ ሽምብራ ፍሬ በምታክል አዲስ ይተካ፤ ይህ ብቻ ፋኑን በብዙ መቶ ዙር የሚያወርድበት ጊዜ አለ።

ሻጮችን የምንጠይቀው አራት መስመር ነው፦ የፓወር ሰፕላዩ ሙሉ ስምና ሞዴል፣ የማቀዝቀዣው ዋት፣ የፋኖቹ ሚሊ ሜትርና ፒን፣ እንዲሁም ማሽኑ በድምፅ ምክንያት በስንት ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል ፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ። ገዢም በዚያ ጊዜ ውስጥ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ፍሪጁን ለአንድ አፍታ ነቅሎ፣ አንድ 4ኬ ፊልም ለ40 ደቂቃ ያለ ድምፅ ያስኪድና ከሶፋው ሆኖ ያዳምጥ። ጩኸት ከሰማ የፕሮሰሰሩን ፋን መሃል በእርሳስ ጫፍ ላስቲክ ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ያቁም፤ ከቀጠለ የኬዙን፣ ከቀጠለ ፓወር ሰፕላዩን ይጠርጥር። የፓወር ሰፕላይ ፋን በእርሳስም በምንም አይነካ፣ ውስጡ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፤ እሱ ተጠቅልሎ ወደ ሱቁ ይመለስ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒዩተር ገጣጣሚዎችና ጠጋኞች፣ ከቱሉ ዲምቱ