የመካኒክ ክበብ ዘገባ፦ ለኤም ጂዋ ካምቢዮ ስንመርጥ

የመካኒክ ክበባችን ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት። ሥራችን ግን አንድ ብቻ ነበር። ለአንዲት የ1972 ስሪት ኤም ጂ ቢ ጂቲ (የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ናት) የሚስማማትን ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ መምረጥና መግጠም። “ዓመት ሙሉ በአንድ ካምቢዮ?” ያሉኝ ወላጆች ነበሩ። አዎ፣ ዓመት ሙሉ።

የመኪናዋ ባለቤት የሁለት ተማሪዎቻችን አባት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን እዚህ ለንደን ወዳለው የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የሚያመጣቸው በእሷ ነው። መስከረም ላይ አንድ ቀን ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ወረዱ። ፈጣን መንገድ ላይ ከጩኸቷ የተነሳ መነጋገር አልተቻለም። አባታቸው “ሞተሩ ታሞ ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ። ሞተሩ ደህና ነበር። የጎደላት አንድ ማርሽ ነው።

ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ተሠራች (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሞተሯ 1,798 ሲሲ ነው፤ ማርሿ አራት። አራተኛው ቀጥታ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣውም አንዴ ይዞራል። ፋብሪካው ኦቨርድራይቭ (ከካምቢዮው ኋላ ተገጥሞ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) የሚገጥመው ተጨማሪ ለከፈለ ነበር። ለሁሉም መግጠም የጀመረው በ1975 ነው። የኛዋ ሳይገጠምላት ነው የወጣችው።

ይህን ነግሬያቸው ማለፍ እችል ነበር። ልጆቹ ራሳቸው እንዲደርሱበት ፈለግሁ። ጎማው ላይና አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። ከዚያ ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ ገፏት። 1 ሜትር ከ89 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የፈጣን መንገዱ ወሰን በሰዓት 70 ማይል ነው፤ 113 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዲፈረንሻሏ 3.909 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው 3.909 ጊዜ ይዞራል። ሲያባዙና ሲያካፍሉ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,900 ዙር እንደሚዞር አገኙ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጩኸቱ ቁጥር ሆኖ ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ ነበራ።

መፍትሔ ፍለጋው ሞቅ ያለ ክርክር አመጣ። አንደኛው ቡድን ዲፈረንሻሉ ይቀየር አለ። ባለ ስምንት ሲሊንደሯ (ቪ8) ኤም ጂ ቢ 3.07 ነበራት፤ እሱ ቢገባ ዙሩ ወደ 3,050 ይወርዳል። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ ያኔ እኮ አንደኛ ማርሽም ይረዝማል። ዳገት ላይ እንዴት ትነሳለች?” ልክ ነበረች። ቪ8 ጉልበት አለው፤ የኛው ሞተር የለውም።

ሁለተኛው ቡድን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይግባ አለ። ከፎርድ ሲየራ ወይም ከማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የሚወጣውን ብዙ ሰው ለኤም ጂ ይጠቀምበታል። የማዝዳው አምስተኛ 0.814 ነው፤ ከካምቢዮው የሚወጣው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 0.814 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ቀላል ነው፣ እንደ ኦቨርድራይቭ ሽቦና የዘይት ግፊት አይፈልግም። በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው እኔም እሱን እመክራለሁ። ግን ማገናኛ ሥራ ይጠይቃል፣ የፍጥነት ቆጣሪውም መስተካከል አለበት። የፎርዱ አንደኛ ማርሽ ደግሞ በጣም አጭር ነው፤ ገና ከመነሳትህ ሁለተኛ ይፈልጋል።

የቀረው የመኪናዋ የራሷ፣ ሌይኮክ የተባለው ፋብሪካ የሠራው ኦቨርድራይቭ ነው፤ 0.82። እዚህ ላይ ተሳሳትን። ኦቨርድራይቩን ብቻ በርካሽ አገኘንና ገዛን። ሻጩ ካለን ካምቢዮ ጋር ይገጥማል ብሎን ነበር። አይገጥምም፤ የካምቢዮው ዋና ዘንግ ሌላ ነው። ሙሉ ካምቢዮ ነው የሚያስፈልገው። ልጆቹ ቅር አላቸው፣ እኔም አዘንኩ።

ያ ዕቃ ግን የዓመቱ ምርጥ መማሪያችን ሆነ። ፈታነው። መሃሉ ላይ ፀሐይ የሚሏት ጥርስ አለች። ዙሪያዋን ሦስት ፕላኔቶች ይዞራሉ፣ ሁሉንም አንድ ትልቅ ቀለበት ያቅፋቸዋል። ማብሪያው ሲጠፋ ሞላዎች ሾጣጣ ፍሪሲዮኑን ገፍተው ፀሐይዋንና ቀለበቱን ያቆላልፏቸዋል፤ ሁሉም አብሮ ይዞራል። ማብሪያው ሲበራ የዘይት ግፊት ሾጣጣውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ፀሐይዋ ቀጥ ትላለች። ፕላኔቶቹ ግን ዙሪያዋን መሄዳቸውን ስለማያቆሙ ቀለበቱን ያፈጥኑታል። አንዷ ፀሐይዋን ጥርቅም አድርጋ ያዘች፣ አንዱ ፕላኔቶቹን የተሸከመውን አዞረ፣ ሌሎቹ ጮክ ብለው ቆጠሩ። 50 ሲገባ 61 ወጣ። 50 ለ61 ሲካፈል 0.82። ከዚያ ቀን በኋላ ምርጫው ላይ ብዙም አልተከራከሩም።

ለአማርኛውም ጥሩ ዓመት ነበር። እዚህ የተወለዱ ልጆች ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ እያሉ ሲጠራሩ መስማት ደስ ይላል። ቃላቱ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን እንደገቡ ሲያውቁ አንዷ ዝርዝራቸውን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ኦቨርድራይቭ ያለው የተጠገነ ሙሉ ካምቢዮ መጋቢት ላይ አገኘን። ሞተርና ካምቢዮ አብረው ነው የሚወጡት፤ ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ከባዱን ሥራ ባለሙያ ወላጆች ያዙልን፣ እናመሰግናለን። ዘይቱ ሃያ ሃምሳ የሞተር ዘይት ነው። “ካምቢዮ ውስጥ የሞተር ዘይት?” ብለው ተገረሙ። ኦቨርድራይቩም የሚሠራው በዚያው ዘይት ነው። በመጨረሻ ኦቨርድራይቩ ሦስተኛና አራተኛ ላይ ብቻ እንዲገባ የሚያደርገውን ስዊች አሰርን። መኪናዋ ወደ ኋላ በሚወስደው ማርሽ ላይ ሳለች ኦቨርድራይቩ ከገባ ውስጡን ይሰብረዋል። ይህን ሥራ ሁለት ጊዜ አስፈተሽኳቸው።

ሰኔ ላይ አባትየው ልጆቹን ይዞ ወጣ። ትንሹ ከኋላ ሆኖ የሞተሩን ዙር ቆጣሪ እያየ ይመዘግብ ነበር። ማታ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፦ “70 ማይል። ሲጠፋ 3,900። ሲበራ 3,200። አባዬ ሳይጮህ አወራ።”